ደጋፊ መግለጫ ስጽፍ የያዝኩት የ12 ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፣ ሰኞ ማታ

ማስታወቂያው ዛሬ ወጣ። የሥልጠና አስተባባሪ ይፈልጋሉ። የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። 12 ቀን አለኝ ማለት ነው። የመጨረሻውን ቀን ካልቆጠርኩት 11። አልቆጥረውም።

ሲቪ አለኝ። የትምህርት ማስረጃዬም ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። ጣጣው ሌላው ነው፦ «የተዘረዘሩትን መስፈርቶች እንዴት እንደሚያሟሉ የሚያስረዳ ደጋፊ መግለጫ፣ ከ1,000 ቃላት ያልበለጠ» ይላል።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ መግለጫ ጽፌ ሦስት ቦታ አመለከትኩ። ከሦስቱም ለቃለ መጠይቅ የጠራኝ የለም። ጥፋቴ ምን እንደሆነም የነገረኝ የለም። ስለዚህ በዚህ ዙር እየሠራሁ ማስታወሻ ልይዝ ነው። ቢያንስ ከተበላሸ የት ላይ እንደተበላሸ ተመልሼ አያለሁ።

ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰዎች ጋር መሥራት ያስደስተኛል።» ዘጋሁት።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድም መስመር አልጻፍኩም። ማስታወቂያውን አትሜ እስክሪብቶ ይዤ ሳነብ ዋልኩ።

ለካ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የሥራው ዝርዝር ነው፤ የሚቀጠረው ሰው ምን ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ሁለተኛው ተፈላጊው መስፈርት ነው፤ ያ ሰው ምን ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ባለፈው ዓመት ሦስቱንም ማመልከቻ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሥራውን ዝርዝር እያየሁ «ይህንን እችላለሁ፣ ያንንም እችላለሁ» ስል ነበር። መግለጫው ግን እንዲመልስ የተጠየቀው ሁለተኛውን ክፍል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ «መስፈርቶች» ይል ነበር እኮ፤ አላየሁትም።

መስፈርቶቹ 11 ናቸው። 8ቱ የግድ፣ 3ቱ ተመራጭ። የግድ ከተባለው አንዱ ካልታየ ማመልከቻው እዚያው ሊቀር ይችላል። ተመራጩ ጥቅም ላይ የሚውለው ብዙ ሰው የግዱን አሟልቶ መለየት ሲያስቸግር ነው። ባለፈው እኔ ተመራጩ ላይ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር፤ የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ብቻ።

ከእያንዳንዱ መስፈርት ጎን ደግሞ አንዲት ፊደል አለች። ትርጉሟ ግርጌ ላይ ተጽፏል፦ በማመልከቻ የሚታይ፣ በተግባር ፈተና የሚታይ፣ በቃለ መጠይቅ የሚታይ። ከ8ቱ አንዱ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ በቃለ መጠይቅ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ስለ ታማኝነቴ ቃል አላባክንም። 7 ቀሩኝ።

ከዚያ ወደ ቃላቱ ገባሁ። «የተረጋገጠ ልምድ» ካለ በእጄ የሠራሁት ነገር ይፈልጋል። «ዕውቀት» ካለ የተማርኩትም ይሆናል። «ግንዛቤ» ካለ ደግሞ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቄን ካሳየሁ ይበቃል። ሦስቱን አንድ አድርጌ ነበር የማያቸው።

አንዳንዱ መስፈርት ደግሞ አንድ መስሎ ሦስት ነው። «በርካታ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ይዞ፣ ዕቅድ እያስተካከለ፣ በቀነ ገደብ የመጨረስ ልምድ» ይላል። ብዙ ሥራ መያዝ አንድ፣ ዕቅድ ማስተካከል ሁለት፣ በቀኑ መጨረስ ሦስት። ሦስት ቦታ ቆራርጬ ጻፍኩት።

ቀን 3፣ ረቡዕ

ሠንጠረዥ ሠራሁ። ግራው መስፈርቱ ነው። መሐሉ «መቼ አደረግኩት?» ይላል። ቀኙ «ምን ተለወጠ?» ይላል።

መሐሉ ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶ ነበር።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። 6 ዓመት ሆነኝ። አስተባባሪ ተብዬ አላውቅም፤ አሠልጣኝም ተብዬ አላውቅም። ጭንቅላቴን ብቧጥጥ የሚወጣ ነገር የለም። በመጨረሻ ማስታወስ ትቼ የድሮ ኢሜይሎቼን ከፈትኩ። መፈለጊያው ላይ «ሥልጠና» ብዬ ጻፍኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ገብቶልን ነበር። አብሮት የመጣው መመሪያ 90 ገጽ ነው፤ ያነበበው ሰው አልነበረም። እኔ የዕለት ዕለቱን ብቻ ለይቼ በ4 ገጽ ጻፍኩት። ከዚያ በ6 ዙር 34 ሰው አሠለጠንኩ። አዳራሽ ያስያዝኩት እኔ፣ ስም ዝርዝር የያዝኩት እኔ፣ የቀረውን ሰው እየደወልኩ የጠራሁት እኔ። ኢሜይሎቹ ሁሉ አሉ። ፈጽሞ ረስቼው ነበር። የሥራ መደቤ ስም ላይ «ሥልጠና» የሚል ቃል ስለሌለ እንደ ልምድ አልቆጠርኩትም።

ከዚያ በኋላ ረድፉ መሙላት ጀመረ። «በጀት የመከታተል ልምድ» ለሚለው ከመሥሪያ ቤት ምንም አጣሁ። ግን የምኖርበት ሕንፃ የነዋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ሦስት ዓመት። በየወሩ ገቢና ወጪ መዝግቤ በስብሰባ አቀርባለሁ። ደመወዝ ስላልተከፈለበት ልምድ አይደለም ያለኝ ማን ነው? ማስታወቂያው «ልምድ» ነው ያለው። የተከፈለበት መሆን አለበት አላለም።

ለሚቀጥለው ጊዜ፦ የሠራሁትን ነገር በየወሩ አንድ መስመር የምጽፍበት ፋይል ያስፈልገኛል። ኢሜይል ባልፈልግ ኖሮ 34ቱ ሰዎች ጠፍተው ነበር።

ቀን 4፣ ሐሙስ

የቀድሞ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የቅጥር ኮሚቴ ላይ ለብዙ ዓመት ተቀምጠዋል።

«ለመሆኑ የሚያነብሽን ሰው አስበሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አስቤው አላውቅም።

«ሦስት ሆነን እናነባለን፤ እያንዳንዳችን ለብቻችን። ፊታችን የመስፈርቱ ቅጽ አለ። ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ እንሰጣለን። ስለ መስፈርቱ ምንም ካላልሽ ዜሮ። ‹እችላለሁ፣ ልምድ አለኝ› ካልሽ አንድ። ምሳሌ ካመጣሽ ሁለት። ምሳሌውም ውጤቱም ካለ ሦስት። ከዚያ ነጥባችንን እናስተያያለን። ደግሞ ልብ በይ፤ አርባኛውን ማመልከቻ የማነበው ደክሞኝ ነው። እኔ ፈልጌ እንዳገኝልሽ አትጠብቂ።»

የነጥቡ አሰጣጥ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ነግረውኛል። ጠባዩ ግን ያው ነው አሉ።

«ሲቪዬ ላይ እኮ ዝርዝሩ አለ» ስላቸው ሳቁ። ለአድልዎ በር ላለመክፈት ስምና ሲቪ ተሸፍኖ መግለጫው ብቻውን የሚነበብባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ «ሲቪዬን ይመልከቱ» ማለት ዜሮ ነው።

ስለ አቀማመጡ ጠየቅኳቸው። «በማስታወቂያው ተራ ጻፊ። ለየመስፈርቱ ርዕስ ስጪ፤ ርዕሱም የእነሱ ቃል ይሁን። ውበት አትፈልጊበት» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። እንደ ወግ የሚፈስ ጽሑፍ እወዳለሁ። በርዕስ የተቆራረጠ ነገር ቅጽ ይመስለኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩበት። የሚያነቡት ሰዎች ቅጽ ነው ፊታቸው ያለው። ይሁን።

ቀን 5፣ ዓርብ

ጻፍኩ። ወደ ኋላ ሳልል፣ ሳላርም። 1,640 ቃላት። ደከመኝ።

ቀን 6፣ ቅዳሜ

ረቂቁን ጠዋት ሳነበው የሥልጠናው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦

«አዲሱ የንብረት መመዝገቢያ ሥርዓት ሥራ ላይ ሲውል ለሠራተኞች ሥልጠና ሰጥተናል። የሥልጠና መመሪያም ተዘጋጅቷል። በዚህም አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል።»

ማን ሰጠ? «ሰጥተናል» ላይ ያለችው «ናል» የስድስት ዙር ድካሜን ለክፍሉ ሰው ሁሉ አከፋፍላዋለች። «ተዘጋጅቷል» ይብሳል፤ መመሪያው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ የተዘጋጀ ይመስላል። «አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል» ደግሞ የስብሰባ ሪፖርት ነው። ይህን አንቀጽ የምታነበው ኮሚቴ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ መኖሬን እንኳ እርግጠኛ አትሆንም።

በአማርኛ ሠሪው ግሱ ውስጥ ነው ያለው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፦ «አዘጋጀሁ»፣ «አዘጋጀን»። ስለዚህ «እኔ» የሚለውን ቃል መፈለግ አይበቃም፤ የግሱን ጫፍ ማየት ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቆጠርኩ። በ«እኛ» የጨረስኩት ግስ 31፣ በ«ተ» ጀምሮ ሠሪው የጠፋበት 14፣ በ«እኔ» የጨረስኩት 9።

ዘጠኝ! ስለ ራሴ በጻፍኩት ጽሑፍ ውስጥ።

ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። «እኔ አደረግኩት» ብዬ ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። ጉራ ይመስለኛል። ግን ጉራ የሚሆነው «እኔ ብርቱ ነኝ» ሲባል ነው። «34 ሰው በ6 ዙር አሠለጠንኩ» የሆነ ነገር መንገር ነው፤ ቢጠየቅ ይጣራል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ጆሮዬ ግን አሁንም ይግላል።

እያንዳንዱን «እኛ» ለየብቻ መረመርኩ። አንዳንዱ እውነት ነው። የዓመቱን ቆጠራ ለብቻዬ አልሠራሁም፤ የጓደኞቼን ሥራ የራሴ ማድረግ ሌላ ውሸት ነው። እንዲህ አደረግኩት፦ «ቆጠራውን ለአምስት ሠራን። የእኔ ድርሻ የሚገኘውን ልዩነት በየቀኑ መዝግቤ ምክንያቱን ለኃላፊው ማቅረብ ነበር።» «እኛ» አለች፣ እኔም አለሁ።

የሥልጠናው አንቀጽ አዲሱ መልክ፦

«ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ የንብረት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲገባ 34 ሠራተኞች በአንድ ወር ውስጥ መሠልጠን ነበረባቸው። መመሪያው 90 ገጽ ነበር። የዕለት ዕለቱን ሥራ የሚመለከተውን ለይቼ በ4 ገጽ አዘጋጀሁ። ሠልጣኞቹን በፈረቃቸው በ6 ዙር ከፈልኩ፤ ክፍልና ኮምፒውተር አስያዝኩ፤ ሁሉንም ዙር ራሴ አሠለጠንኩ።»

ውጤቱ ገና የለም። ሰኞ።

ቀን 7፣ እሑድ

ማረፍ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ማስታወቂያውን ለአንድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ሰጥቼ መግለጫ ጻፍልኝ አልኩት። በጥቂት ሰከንድ ጻፈ። «ለላቀ ውጤት የምተጋ፣ በቡድን ሥራ በጽኑ የማምን ባለሙያ ነኝ» ይላል። ሰዋስዉ ከእኔ ይሻላል። ግን ያቺን ሴትዮ አላውቃትም። 34ቱ ሰዎች የሉም፤ ከየት ያምጣቸው? ያንኑ ማስታወቂያ የሰጠው ሌላ አመልካች ሁሉ ደግሞ ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው የሚደርሰው።

ለአንድ ነገር ግን ጠቀመኝ። መስፈርቶቹንና የራሴን ረቂቅ ሰጥቼ የትኛው እንዳልተመለሰ ጠየቅኩት። «በጽሑፍ በግልጽ የመግባባት ችሎታ» አለኝ። እውነቱን ነው። በሠንጠረዡ ላይ ነበር፤ ስጽፍ ዘለልኩት። የ4 ገጹን መመሪያ እዚያ አስገባሁት።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 አካባቢ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የጻፈው የሥራ ጥያቄ ደብዳቤ አለ። 30 ዓመት ገደማው ነበር። ደብዳቤው በቁጥር የተዘረዘረ ነው። ቀላል ድልድይ፣ መድፍ፣ ምሽግ ማፍረሻ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እያለ ይሄዳል። ሥዕል የሚለው ጭራሽ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰውዬው ሠዓሊ ነበር! ግን ገዢው የሚያስጨንቀው ጦርነት እንደሆነ አውቋል። የማይቻል የሚመስልዎ ነገር ካለ በመናፈሻዎ ውስጥ ሞክሬ ላሳይዎ ብሎም ጽፏል።

ባለፈው ዓመት እኔ ሥዕሉን አንደኛ አንቀጽ ላይ ነበር ያደረግኩት።

ቀን 8፣ ሰኞ

የቁጥር ቀን። ረቂቁ ላይ «የቆጠራ ስህተት በ40 በመቶ ቀነሰ» የሚል አለ። 40 ከየት መጣ? ከየትም። ዓርብ ማታ ደክሞኝ ስጽፍ ደስ የሚል ቁጥር ስለመሰለኝ ነው።

የድሮ የቆጠራ ሪፖርቶችን አገላበጥኩ። ስህተቱን የለካው ሰው የለም። የተጻፈው የፈጀው ጊዜ ነው። ከሥልጠናው በፊት ወርኃዊው ቆጠራ 3 ቀን ይወስድ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት አንድ ቀን ተኩል ነው። 40ን ሰርዤ ይህን አስገባሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት ለካችሁት?» ቢሉኝ ሪፖርቱ አለ እላለሁ።

ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። ጊዜውን ያሳጠረው የእኔ ሥልጠና ነው ወይስ ሶፍትዌሩ? ሁለቱም። ስለዚህ «ሶፍትዌሩ ከገባና ሥልጠናው ካለቀ በኋላ» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ያሳንሰኛል። ይሁን፤ ከፍ አድርጌ ጽፌ በአንድ ጥያቄ ከምወድቅ ይሻላል።

ቁጥር የሌለው ውጤትም አለ። ያ የ4 ገጽ መመሪያ ዛሬም አዲስ ለሚገባ ሰው ይሰጣል። ሌላ ቅርንጫፍ ጠይቆ ወስዶታል። ይህም ውጤት ነው፤ በመቶኛ ማስገደድ አያስፈልገውም።

ዛሬ ብዙ ያሰብኩበት ግን የሦስተኛው ዙር ጉዳይ ነው። በዚያ ዙር ከተጠሩት 6 ሰዎች የመጡት 2 ብቻ ነበሩ። ረቂቁ ላይ አልጻፍኩትም፤ ውድቀት ነዋ። ከሰዓት በኋላ መልሼ አስገባሁት። ምክንያቱም መስፈርቱ «ዕቅድ እያስተካከለ» ይላል፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ያኔ የቀሩትን አንድ በአንድ ደውዬ ጠየቅኳቸው። ሥልጠናው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር፤ ፈረቃቸው የሚያልቀው 9 ሰዓት ነው። ማን አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? ቀጣዮቹን ዙሮች ፈረቃ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጠዋት አዛወርኳቸው። የቀሩትን 4 ሰዎችም እዚያ ደለደልኳቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታሞ።

ሁሉም ነገር የተሳካበት ታሪክ ምን እንዳሰብኩ አያሳይም። ይኼኛው ያሳያል።

ምሳሌውን በአራት ደረጃ መጻፍ የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝኛው ምሕጻር «ስታር» ይሉታል። ሁኔታው፣ የተሰጠኝ ተግባር፣ ያደረግኩት፣ ውጤቱ። የእኔ ችግር ሁኔታው ላይ መቅረቴ ነው። ሶፍትዌሩን ማን እንደገዛው፣ የድሮው ለምን እንደተተወ፣ ስብሰባው መቼ እንደነበር፤ 180 ቃላት ሙሉ! የብሪታኒያ መንግሥት ቅጥር ላይ አንድን ችሎታ በምሳሌ ለማሳየት የሚሰጠው 250 ቃላት መሆኑን አውቃለሁ። እሱን ልክ አድርጌ ወሰድኩት። ሁኔታውንና ተግባሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ። ከግማሽ በላዩን ላደረግኩት ነገር ሰጠሁት።

የሌለኝ ነገርም አለ። ከተመራጮቹ አንዱ «በኦንላይን መድረክ ሥልጠና የመስጠት ልምድ» ነው። ረቂቁ «ምንም እንኳ በዚህ ረገድ ሰፊ ልምድ ባይኖረኝም፣ ለመማር ዝግጁ ነኝ» ይላል። ይህን የሚጽፈው ሰው ብዛቱ! እንዲህ ቀየርኩት፦ «በኦንላይን መድረክ ሥልጠና አልመራሁም። ሥልጠናውን ግን በአጭር ቪዲዮ ቀርጬ ሌላ ቅርንጫፍ ላሉ ባልደረቦች ልኬያለሁ፤ ጥያቄያቸውንም በስልክ መልሻለሁ።» የሌለኝን አልኩ፤ ቅርብ የሆነውን አሳየሁ፤ አለፍኩ።

ኤክሴል የሚለውን መስፈርት በአንድ መስመር ዘጋሁት። በየቀኑ የምሠራበት ነገር ነው፤ ምን ይባላል?

ቀን 9፣ ማክሰኞ

መግቢያና መዝጊያ። እነዚህን መጨረሻ ላይ መጻፍ ይሻላል፤ ምን እንዳለሽ ካወቅሽ በኋላ።

መግቢያው ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የትኛውን መደብ እንደማመለክት ከነመለያ ቁጥሩ፣ የ6 ዓመት ልምዴ ምን እንደሆነ፣ ከመስፈርቶቹ ጋር በጣም የሚገናኘው የትኛው እንደሆነ። ልጅነቴ ወጥቷል።

«ለምን እኛ ጋ?» የሚለው ከበደኝ። አንደኛው ሙከራዬ፦ «በዘርፉ ስመ ጥር በሆነው ድርጅታችሁ ውስጥ የበኩሌን ለማበርከት።» የድርጅቱን ስም አውጥቼ ሌላ ስም አስገብቼ አነበብኩት። አንድም ነገር አልጎደለም። ስለዚህ ጠፋ።

ድረ ገጻቸው ላይ ገብቼ የዓመቱን ዕቅዳቸውን አነበብኩ። በፈረቃ ለሚሠሩ ሠራተኞቻቸው ሥልጠናውን እንደ አዲስ ሊያደራጁ ነው። ይኼው! የሦስተኛው ዙር ጉዳይ ማለት አይደለም እንዴ? ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ይህን ሌላ ድርጅት ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ስም ስል፣ ባለፈው ዓመት ለሁለተኛው ቦታ በላክሁት ፋይል መዝጊያ ላይ የአንደኛው ድርጅት ስም ቀርቶ ነበር። ያየሁት ከላክሁ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው አሁንም እያፈርኩ ነው።

ቀን 10፣ ረቡዕ

1,180 ቃላት ላይ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን ጠራሁት። የመስፈርቶቹን ዝርዝርና መግለጫውን ሰጥቼ፣ «4 ደቂቃ አለህ፤ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ስጥ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት።

በጀት ላይ አንድ ሰጠኝ።

«እንዴ! ሦስት ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ እኮ!»

«እኔማ አውቃለሁ፤ እኅቴ ነሽ። እዚህ ላይ ግን የተጻፈው ‹የበጀት ክትትል ልምድ አለኝ› ነው። ምን እንዳደረግሽበት የለም።»

ልክ ነው። በራሴ ጭንቅላት ውስጥ ስላለ የጻፍኩት መስሎኛል። ጨመርኩ፦ በየወሩ ገቢና ወጪ አመዛዝኜ ለነዋሪዎች አቀርባለሁ፤ የአሳንሰር ጥገናው ከታቀደለት በላይ እየሄደ መሆኑን ከሦስት ወር በፊት አይቼ አስታወቅኩ፤ ማኅበሩ ሌላ ዋጋ ጠይቆ ውሉን ቀየረ።

ከዚያ መቁረጥ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ትንፋሽ ያጠረኝ ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። «ተገቢውን ጥረት በማድረግ» ወጣ። «ከላይ እንደተገለጸው» ወጣ። «የማስተባበር ሥራ ሠርቻለሁ» የሚለው «አስተባብሬያለሁ» ሆነ። እንዲህ ያለው ብቻ ከ100 ቃላት በላይ ሰጠኝ። ጨረስኩ፤ 968።

አንዲት የምወዳት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ስለ መማርና ስለ ማስተማር። የትኛውም መስፈርት ሥር አትገባም። ወጣች።

ቀን 11፣ ሐሙስ

እንኳን ዛሬ ሞከርኩት።

ቅጹ ላይ መግለጫው የሚለጠፍበት ሣጥን አለ። «እስከ 8,000 ፊደል» ይላል። የእኔ ክፍተቱን ጨምሮ 5,600 ገደማ ነው። ለጠፍኩ፣ አስቀምጥ አልኩ፣ ተመልሼ ከፈትኩት። ግማሹ የለም። የበጀቱ አንቀጽ መሐል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ምንም የማስጠንቀቂያ መልእክት አልሰጠም። አንቀጾቹም ተያይዘው አንድ ግድግዳ ሆነዋል።

ወንድሜ ፕሮግራመር ነው። አይቶ ሳቀ። ሣጥኑ የሚቆጥረው ፊደል አይደለም፤ ባይት ነው፤ ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ ማለት ነው አለኝ። የላቲን ፊደል በተለመደው አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ ኤይት በሚሉት፣ አንድ ባይት ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ 8,000 የሚለው ለእኔ ከሦስት ሺህ ብዙም አይዘልም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ቅጹን አልሞከረውም ማለት ነው።

ማስታወቂያው ላይ የጥያቄ ኢሜይል አድራሻ ነበር። አጭር ጻፍኩ፦ ምን እንደሆነ፣ የቃሉ ብዛት ከ1,000 በታች መሆኑን፣ በፒዲኤፍ ላያይዝ እችል እንደሆነ። የማያ ገጹን ፎቶም አያያዝኩ።

ይህ ነገ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያጋጥመኝ ኖሮ ግማሽ መግለጫ ልኬ ነበር፤ ምናልባትም ሳላውቀው።

ቀን 12፣ ዓርብ

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መልስ መጣ። በፒዲኤፍ አያይዢ፤ ሣጥኑ ውስጥ «ተያይዟል» ብለሽ ጻፊ። ትሑት መልስ ነው፤ ስለነገርሽን እናመሰግናለን ብለዋል።

ፒዲኤፉን በሌላ ኮምፒውተርም በስልክም ከፈትኩት፤ ፊደሉ እንዳይበላሽ። የድርጅቱን ስም ሦስት ቦታ አረጋገጥኩ። ላክሁ። 4 ሰዓት ከሩብ።

ማስታወቂያውንም አስቀመጥኩት፤ ከተዘጋ በኋላ ከድረ ገጹ ይነሣል። ቃለ መጠይቅ ቢመጣ ከየትኛው መስፈርት ላጥና? ከላክሁት መግለጫ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ገብቷል።

ሠንጠረዡን አልደመሰስኩም። ሁለት ረድፍ ገና ባዶ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተጠራሁ። ቃለ መጠይቁ ትናንት ነበር።

ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መግለጫዬ ታትሞ ፊታቸው ላይ ነበር፤ አንደኛዋ አስምራበታለች። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሦስተኛው ዙር ነበር። «አራቱ ሰዎች ለምን እንደቀሩ እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ። ደውዬ ነው አልኩ። ስለ አንድ ቀን ተኩሉም ጠየቁኝ፤ ሶፍትዌሩንና ሥልጠናውን እንዴት እንደለየሁ። አልለየሁም አልኩ፤ ጽሑፉም ላይ ያልለየሁት ለዚያ ነው አልኩ። አንደኛው አንገቱን ነቀነቀ።

የተደናቀፍኩት ኤክሴል ላይ ነው። «በየቀኑ እንደምትጠቀሚበት ጽፈሻል፤ በእሱ ሠርተሽ ያሻሻልሽውን አንድ ነገር ንገሪን» አሉኝ። አንድ መስመር ብቻ የጻፍኩበት ነገር። ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ ያመጣሁት ምሳሌ ደካማ ነበር፤ እነሱም ገብቷቸዋል።

ማታ ቤት ገብቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ኤክሴል የሚለው ረድፍ ላይ፣ መሐል ላይ፣ የልዩነት መመዝገቢያውን እንዴት እንደሠራሁት ጻፍኩ። መልሳቸው ገና አልመጣም።